ጭስ፣ በርበሬና የማይደርቅ አፍንጫ

ምዕራብ ጎጃም ውስጥ በበርበሬ ስማቸው ከሚነሣ ወረዳዎች መካከል ጃቢ ጠህናን፣ ቡሬና ወምበርማ ይገኛሉ። ክረምቱ ወጥቶ ዛላው ሲቀላ ለቀማ ይጀመራል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ በርበሬው በየደጁ ተሰጥቶ ይደርቃል፣ ይቀነጠሳል፣ ይወቀጣል፣ ወፍጮ ቤት ይገባል። በዚያ ሰሞን ማስነጠስ ማንንም አያስገርምም። የሚያሳስበው ሰሞኑ አልፎም ዓመቱን ሙሉ አፍንጫቸው የማይከፈት ወይም የማይደርቅ ሰዎች ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ «ሳይነስ አለብኝ» እያሉ ይኖራሉ። ከዚህ በታች የሚነጋገሩት አንዲት ቡሬ ላይ በርበሬ አስፈጭተው የሚሸጡ እናትና ፍኖተ ሰላም የሚሠራ ሐኪም የሆነ የወንድማቸው ልጅ ናቸው። ምልልሱን እንዲህ አድርጌ የጻፍሁት ይህ ሕመም በየቤቱ እያለ ተረጋግቶ የሚጠይቀው ሰው ስላጣ ነው።

እቴቴ፦ ና እስቲ ቁጭ በል። መቼም የእኔን አፍንጫ ሳታይልኝ አትሄድም። ይኸው ሳይነሴ ተነሥቶብኝ ሌሊቱን ሙሉ በአፌ ስተነፍስ አደርሁ።

ሐኪሙ፦ ሳይነስ ነው ያለዎት ማን ነው እቴቴ?

እቴቴ፦ ማን ያላለ አለ! መድኃኒት ቤቱም ብሎኛል፣ ጎረቤቱም ብሎኛል። አሞክሳሲሊን የሚሉትን ስንቴ ጨርሼዋለሁ።

ሐኪሙ፦ ሲውጡት ይሻልዎታል?

እቴቴ፦ ሰሞኑን ይሻለኛል። ግን መድኃኒቱ አሽሎኝ ይሁን ቤት ተኝቼ ስለምከርም ይሁን አላውቅም። ገበያ ስመለስ ያው ነው።

ሐኪሙ፦ «ቤት ተኝቼ» ያሏት ነገር ትልቅ ነገር ናት፤ እመለስባታለሁ። አሁን ልጠይቅዎት። ጉንጭዎንና ግንባርዎን ሲጫኑት ያምዎታል? የሚወጣው ወፍራምና ቢጫ ነው? ሽታስ ይሸትዎታል?

እቴቴ፦ ፊቴን አያመኝም። ንፍጡ እንደ ውሃ ቀጭን ነው፤ ወደ ጉሮሮዬም እየወረደ ሌሊት ያስለኛል። ሽታማ ከሰው በላይ ይሸተኛል፤ ጎረቤት ቅቤ ሲያነጥር አውቃለሁ።

ሐኪሙ፦ እንግዲያው ይኸ ሳይነስ አይመስልም። ሳይነስ የሚባለው በፊት አጥንት ውስጥ ያሉት ክፍት ቦታዎች ሲቆጡ ነው። ሥር ሰደደ የምንለው ከ12 ሳምንት በላይ ሲቆይ ነው፤ አፍንጫው ይዘጋል ወይም ወፍራም ፈሳሽ ይወጣዋል፣ ከዚያም ጋር ፊት ይከብዳል ወይም ሽታ ይጠፋል። እኛ አገር ግን የአፍንጫ ሕመም ሁሉ በዚያው ስም ስለሚጠራ መድኃኒቱም ለሁሉም አንድ ዓይነት ሆኗል። ይኸ ያንገበግበኛል። ባክቴሪያ ለሌለበት አፍንጫ አንቲባዮቲክ ምንም አይፈይድም። ጀርሞቹ ግን መድኃኒቱን ይላመዱታል፤ ነገ ለልጅ የሳንባ ምች ሲፈለግ አልሠራም ይላል።

እቴቴ፦ አለርጂ ነዋ ታዲያ! ልጄ ከባሕር ዳር የአለርጂ ነው ብሎ አንድ ክኒን አምጥቶልኝ ነበር፤ እንቅልፍ ከማምጣት በቀር ምንም አላደረገልኝ።

ሐኪሙ፦ እሱንም በጥያቄ እንለየው። ዓይንዎን ያሳክክዎታል? አፍንጫዎን፣ ላንቃዎን?

እቴቴ፦ ዓይኔ ጭስ ሲገባው ያለቅሳል እንጂ አያሳክከኝም።

ሐኪሙ፦ በልጅነትዎ ነበረብዎ? ከወላጆችዎ ወይም ከእኅት ወንድሞችዎ አስም ያለበት አለ?

እቴቴ፦ የለም። እኔም ልጅ ሳለሁ ደህና ነበርሁ። የጀመረኝ ሠላሳን ካለፍሁ ወዲህ ነው፤ ንግዱን ስይዝ ግድም።

ሐኪሙ፦ መቼ መቼ ይብስብዎታል?

እቴቴ፦ መቼ አይብስም! ንጋት ላይ ከሙቅ ቤት ወጥቼ ብርዱ ሲመታኝ ይፈስሳል። ማጀት ገብቼ ኩበቱ ሲጨስ ይዘጋል። ሽቶ የተቀባ ሰው ሲያልፍ አስነጥሳለሁ። ትኩስ ወጥ ስበላ እንኳ መሐረብ ከእጄ አይለይም።

ሐኪሙ፦ እቴቴ፣ ምርመራውን ራስዎ ጨረሱልኝ። አለርጂ ብዙ ጊዜ በልጅነት ወይም በወጣትነት ይጀምራል፤ በዘር ይወርዳል፣ ዓይንና አፍንጫን ያሳክካል፣ የሚነሣውም ተለይቶ በሚታወቅ ነገር ነው፤ በአበባ ብናኝ፣ በቤት አቧራ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ተባዮች፣ በእንስሳ ጸጉር። የእርስዎ ጉልምስና ላይ ጀመረ፣ አያሳክክም፣ የሚያስነሡትም ብርድ፣ ጭስ፣ ሽታና ትኩስ ምግብ ናቸው። ይኸ አለርጂ ያልሆነ፣ ሥር የሰደደ የአፍንጫ ቁጣ ነው። በሴቶች ላይ ይበዛል።

እቴቴ፦ አለርጂ ካልሆነ፣ ጀርምም ካልሆነ፣ ምንድን ነው የሚያስቆጣው?

ሐኪሙ፦ አፍንጫ ማሽተት ብቻ አይደለም ሥራው። በቀን 10,000 ሊትር ገደማ አየር ያልፍበታል። ያንን ሁሉ አሙቆ፣ አርጥቦ፣ አቧራውን አስቀርቶ ነው ወደ ሳንባ የሚልከው። ለዚህም በግራና በቀኝ በደም ሥር የተሞሉ ሥጋዎች አሉት፤ ሲያብጡ መተንፈሻው ይጠባል፣ ሲሟሽሹ ይሰፋል። የሚያዟቸው ነርቮች ናቸው። በጤነኛ ሰውም ቢሆን አንዱ ቀዳዳ ጠበብ ሲል ሌላው ሰፋ ይላል፣ በየጥቂት ሰዓቱም ይፈራረቃሉ።

እቴቴ፦ ሥጋ ስትል፣ አንድ ጊዜ «አፍንጫሽ ውስጥ ሥጋ በቅሏል፣ ይቆረጥ» ተብዬ ነበር። ፈርቼ ተውሁት።

ሐኪሙ፦ መተውዎ ደግ ነው። ያ ሥጋ ማንኛችንም ይዘነው የተወለድነው ነው። በሽታ ሆኖ የሚበቅል ሌላ አለ፤ ፈዘዝ ያለ መልክ ያለው፣ ቢነኩት የማያም፣ ሽታን የሚያጠፋ። ያንን የሚለየው በመብራትና በመሣሪያ የሚያይ ሐኪም ነው እንጂ መንደር ውስጥ በምላጭ የሚቆርጥ ሰው አይደለም። የእርስዎ ችግር ነርቮቹ ላይ ነው። አለርጂ ሲሆን የሰውነት መከላከያ ጉዳት የሌለውን ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ ይነሣበታል። በእርስዎ ግን ነርቮቹ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ እንደሚጮህ ውሻ ሆነዋል፤ ሌላው ሰው ልብ በማይለው ብርድና ጭስ አፍንጫውን ያስነፍጡታል፣ ሥጋውን ያሳብጡታል። ለምን እንዲህ እንደሚሆኑ ሳይንሱ ሙሉ በሙሉ አልጨረሰውም። ዓመት ከዓመት ጭስና ብናኝ የሚጠጣ አፍንጫ ግን ፋታ አያገኝም።

እቴቴ፦ በርበሬዬ ነዋ የገደለኝ!

ሐኪሙ፦ በርበሬውም ድርሻ አለው። የሚያቃጥለው ነገሩ ካፕሳይሲን ይባላል። በፈረንጆች 1997 ዴቪድ ጁሊየስ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ካፕሳይሲን ነርቭ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ አገኘ። ያው ቦታ ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ የሆነ ሙቀትንም የሚያውቅ ነው፤ አዋዜ ሲበዛ አፍ እሳት እንደነካው የሚሆነው ለዚህ ነው። በ2021 የሕክምናውን የኖቤል ሽልማት ከአርዴም ፓታፑቲያን ጋር ተካፈለ። ይኸው የነርቭ ቦታ አፍንጫችን ውስጥም አለ። በርበሬ ሲታመስ ቤቱ ሁሉ የሚያስነጥሰው በእሱ በኩል ነው።

እቴቴ፦ ወይ ጉድ! የእኛ በርበሬ ለዚህ ሁሉ ይበቃል?

ሐኪሙ፦ ከዚህም የሚገርም አለ። አውሮፓ ውስጥ ሐኪሞች ካፕሳይሲኑን አጣርተውና ለክተው እንዲህ ያለ አፍንጫ ውስጥ በተደጋጋሚ ረጭተውታል፤ ነርቮቹ እየደከሙ ጩኸታቸውን ይቀንሳሉ በሚል። በ2015 ጥናቶቹን ሰብስቦ የመረመረ ግምገማ ሊጠቅም ይችላል ብሏል፤ ጥናቶቹ ግን ጥቂት፣ ታካሚዎቹም በመቶ የሚቆጠሩ ብቻ ነበሩ።

እቴቴ፦ እንግዲያው ከጓዳዬ ቆንጥሬ ላሸተው?

ሐኪሙ፦ በፍጹም! እሱ በሐኪም እጅ፣ በልክ የሚሰጥ ነው። የገበያው በርበሬ ልኩ አይታወቅም፤ አቧራው፣ ቅመሙ፣ አንዳንዴም ሻጋታው አብሮት አለ። ወደ ሳንባ ከወረደ ደረት ያፍናል። ደግሞ እርስዎ ይህን ሁሉ ዘመን ሲያሸቱት ኖረው አልሻረዎትም።

እቴቴ፦ እሱስ እውነትህን ነው። አንድ የሚያሳፍረኝ ነገር ልንገርህ፤ ለሰው ነግሬው አላውቅም። ቅዳሴ ላይ ቄሱ ጽናውን ይዘው ሲያጥኑ ማስነጠሱ ይጀምረኛል፣ ዓይኔ ያለቅሳል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። አንዲት ሴት «ዕጣኑን የጠላው ያለብሽ መንፈስ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ደጀ ሰላሙ ጋ ነው የምቆም።

ሐኪሙ፦ ይህን ብቻዎን ተሸክመው ኖሩ እቴቴ? ዕጣኑ ቅዱስ ነው፤ ጭሱን የሚቀበለው ግን የሥጋ አፍንጫ ነው። ኩበት ሲጨስ የሚሆኑትን ነው ዕጣን ሲጨስም የሚሆኑት፤ ቡና ሲቆላም፣ ሽቶ ሲሸትዎትም እንደዚያው። ኩበት የሚፈራ መንፈስ አለ እንዴ? ለንስሐ አባትዎ ይንገሯቸው። ከውስጥ ገብተው ነፋስ በሚገባበት በር አጠገብ ይቁሙ። በዚህ ምክንያት ከቅዳሴ የሚርቅ ሰው ሊኖር አይገባም፤ ሐኪምም ይህን መጠየቅ አለበት፤ አይጠይቅም እንጂ።

እቴቴ፦ እግዜር ይስጥህ። ቆይ ደግሞ ይችን እያት፤ ይችን ካላንጠባጠብሁ አልተኛም።

ሐኪሙ፦ ዛይሎሜታዞሊን። ከመቼ ጀምሮ ነው?

እቴቴ፦ ከፋሲካ ወዲህ። መጀመሪያ ሌሊቱን ሙሉ ትይዝልኝ ነበር፤ አሁን እኩለ ሌሊት ላይ ተነሥቼ እደግማለሁ።

ሐኪሙ፦ ግማሹ ሕመምዎ ከዚች ጠርሙስ የመጣ ነው። ይች መድኃኒት ያበጡትን የደም ሥሮች ታኮማትራለች፤ በደቂቃዎች ውስጥ ትከፍታለች። ለጉንፋን ከሦስት እስከ አምስት ቀን ብትወሰድ መልካም ናት። ከዚያ ሲያልፍ ግን ኃይሏ ባለቀ ቁጥር ሥሮቹ ከፊቱ ብሰው ያብጣሉ። ሰው በሽታዬ ጸና ብሎ ይደግማል፣ ይሠልሳል። ለዓመታት እንዲህ የሚኖሩ አሉ። በዚያ ላይ ደም ግፊት አለብዎት፤ ይች ደግሞ ግፊት ልትጨምር ትችላለች። ሲሸጡልዎት ይህን የነገረዎት ሰው አለ?

እቴቴ፦ ማንም። ዛሬውኑ ልጣላት?

ሐኪሙ፦ በአንዴ ቢተዉ ሌሊቱ ይከብድዎታል። በአንዱ ቀዳዳ ያቁሙ፣ በሌላው ይቀጥሉ፤ የተዉት ሲከፈት ሁለተኛውንም ያቁሙ። እስከዚያ ሌላ የሚነፋ መድኃኒት አዝልዎታለሁ። አንድ ሁለት ሳምንት ያስቸግርዎት ይሆናል፤ ትራስ ከፍ አድርገው ይተኙ። የግፊት ክኒንዎ የትኛው ነው?

እቴቴ፦ ኢናላፕሪል። እሱ ነው ያሳለኝ ልትለኝ ነው?

ሐኪሙ፦ ኢናላፕሪልና ዘመዶቹ ደረቅ ሳል ያመጣሉ፤ አንዳንድ ሰው ላይም አፍንጫ ያስነፍጣሉ። የእርስዎ አፍንጫ ግን ክኒኑን ከመጀመርዎ ከብዙ ዓመት በፊት ነው የታመመው፤ ስለዚህ ዋናው ጥፋተኛ እሱ አይደለም። ሳሉ ካልተወዎት ሌላ ዓይነት እንዲቀየርልዎ ከክትትል ሐኪምዎ ጋር እንነጋገራለን። በራስዎ ግን እንዳያቋርጡት።

እቴቴ፦ ምራቴም ሰሞኑን እንደኔ ሆናለች፤ ስድስት ወሯ ነው። ቤቱ ነው የሚያሳምመን?

ሐኪሙ፦ እርግዝናም ብቻውን ያደርገዋል። በእርግዝናው መጨረሻ ወራት አፍንጫቸው የሚዘጋ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ከወለዱ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃቸዋል። የጨው ውሃ ይበቃታል፣ የእርስዎን ጠርሙስ ግን እንዳያውሷት። ማጀቱ ግን እሷንም እየጎዳት ነው።

እቴቴ፦ ይህ ሁሉ ወሬ ነው ልጄ። መሣሪያ የለም እንዴ፣ ቁርጡን የሚናገር? አዲስ አበባ ብሄድ?

ሐኪሙ፦ ይህን በሽታ ለይቶ የሚያሳይ መሣሪያ የለም፤ ሌላውን እያስወጡ ነው የሚደረስበት። አለርጂን የሚያሳይ የቆዳ ምርመራ አለ። ክንድ ላይ የተለያየ ጠብታ አድርገው በትንሹ ይወጉታል፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቀው ያበጠውን ያያሉ። ምንም ካላበጠ አለርጂ የመሆኑ ነገር ይርቃል። አለርጂውም ይኸኛውም አብረው ያሉባቸው ሰዎችም አሉ። እርስዎ ግን የነገሩኝ ታሪክ ብቻውን ሕክምናውን ለመጀመር ይበቃል። ለዚህ ብለው እስከ አዲስ አበባ ገንዘብዎን አይበትኑ። እኔ ፍኖተ ሰላም ሲመጡ በመብራት ውስጡን አየዋለሁ።

እቴቴ፦ የሚያስፈራውስ የትኛው ነው?

ሐኪሙ፦ በአንድ በኩል ብቻ የሆነ ነገር። ሁለቱም ቀዳዳ አብሮ ሲታመም ብዙ ጊዜ ክፉ አይደለም። በአንዱ ብቻ የተዘጋ፣ ከአንዱ ብቻ ደም የሚመጣ፣ ዕጢ እንዳይሆን ቶሎ መታየት አለበት። ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ ከአንድ ቀዳዳ ኩል ያለ ውሃ የሚወርድለት ሰው የአንጎል ዙሪያ ፈሳሽ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ። ሕፃን ልጅ በአንድ በኩል የሚሸት ፈሳሽ ካለው ሽምብራ ወይም ባቄላ ከትቶ ሊሆን ይችላል። እረኞቹ ደግሞ ከወንዝ ተጎንብሰው ሲጠጡ አልቅት ይገባባቸዋል፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ነስር ሲደጋገም እሱን ማሰብ ነው።

እቴቴ፦ እዚህ ሠፈር አንዲት ልጅ አለች፤ አፍንጫዋ ይሸታል ብለው ሸሽተዋታል። እሷ ግን ምንም አይሸተኝም ትላለች።

ሐኪሙ፦ እውነቷን ነው፤ አይሸታትም። የአፍንጫው ልባስ እየሳሳና እየደረቀ ሲሄድ ቅርፊት ይሞላዋል፣ ይከረፋል፣ የማሽተት ነርቯም አብሮ ይጎዳል። ይኸም ከአለርጂ ውጭ የሆነ ሌላ ዓይነት የአፍንጫ ሕመም ነው፤ እንደኛ ባለ አገር ይበዛል። በየቀኑ በጨው ውሃ ማጠብና የሐኪም ክትትል ብዙ ያቀልላታል። እባክዎ ይዘዋት ይምጡ። ከእኛ ካለፈም ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ እንልካታለን። የጤና መድን አባል ከሆነች በሪፈር ትሂድ፣ ወጪው ይቀልላታል።

እቴቴ፦ አመጣታለሁ። የእኔን ንገረኝ፤ ዳማከሴ ልጭመቅ? ባሕር ዛፍ ልታጠን?

ሐኪሙ፦ እንፋሎቱ ለጊዜው ይከፍታል፤ የባሕር ዛፉ ጠንካራ ሽታ ግን እንደ እርስዎ ያለውን አፍንጫ መልሶ ሊያስቆጣው ይችላል። በፈላ ድስት ላይ ልብስ ተከናንቦ መታጠን ስንቱን አቃጥሏል! የምመክርዎት የጨው ውሃ ነው። ውሃ ያፍሉ። ቡሬ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ሲበርድ ሩብ ሊትር ለሚሆነው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ካለም ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ይጨምሩ። መርፌ በሌለው ንጹሕ ስሪንጅ ጎንበስ ብለው፣ አፍዎን ከፍተው፣ በአንዱ ቀዳዳ ቀስ ብለው ይግፉት፤ በሌላው ይወጣል። ከገበያ ሲመለሱና ማታ ከመተኛትዎ በፊት። ያልፈላ የወንዝ ወይም የቧንቧ ውሃ አይሞክሩ፤ አልፎ አልፎም ቢሆን አንጎል ድረስ የሚዘልቅ ገዳይ ተዋሕስያን ያለበት ውሃ አለ።

እቴቴ፦ የምታዝልኝስ?

ሐኪሙ፦ የስቴሮይድ መንፊያ። ቤክሎሜታዞን፣ ቡዴሶናይድ፣ ፍሉቲካዞን የሚባሉ አሉ፤ ቡዴሶናይድ የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ ካላቸው መድኃኒቶች ውስጥ ነው። ሁሉንም ሰው አይረዱም፣ ብዙዎችን ግን ይረዳሉ። አሠራሩን ካላወቁት ዋጋ የለውም። አንገትዎን ትንሽ ዝቅ፤ በቀኝ እጅዎ ለግራው ቀዳዳ፣ በግራ እጅዎ ለቀኙ፤ አፉን ከመካከለኛው ግድግዳ አርቀው ወደ ዓይንዎ ጥግ ያዙሩት። እንደ ጠብታዋ ወዲያው አይከፍትም። በየቀኑ ሳያቋርጡ ሁለት ሦስት ሳምንት ይስጡት። አልሠራም ብሎ በሦስተኛው ቀን የሚጥለው ሰው ነው የሚያሳዝነኝ። መዝጋቱ ቀርቶ መፍሰሱ ብቻ ካስቸገረዎ ኢፕራትሮፒየም የሚባል የሚያደርቅ መንፊያ አለ፤ እሱን ያኔ እናየዋለን።

እቴቴ፦ ንግዴንስ? በርበሬውን ልተው አልችልም።

ሐኪሙ፦ ይተዉ አልልም፤ እንጀራዎ ነው። «ቤት ስተኛ ይሻለኛል» ያሉኝን ያስታውሱ። ያሻለዎት አሞክሳሲሊኑ ሳይሆን ከብናኙና ከጭሱ መራቅዎ ነው። ስለዚህ ቅንጠሳውና ወቀጣው ደጅ፣ ነፋሱን ከኋላዎ አድርገው ይሁን። ወፍጮ ቤት ሲገቡ አፍና አፍንጫዎን በማስክ ይሸፍኑ፣ ሲወጡ ይታጠቡ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ማጀትዎ ነው። እዚህ አገር ከአሥር ቤት ከዘጠኝ የሚበልጠው በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው የሚያበስለው፤ ጭሱንም የምትጠጣው ሴቷ ናት፣ በጀርባዋ ያለው ሕፃንም። ለአፍንጫ ሐኪም «የት ነው የምታበስዪው?» የሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መሆን አለበት እላለሁ። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ እንጨቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ግን ጭሱ መውጫ ካጣ ምድጃ ብቻውን አያድንም።

እቴቴ፦ የእኛ ማጀት መስኮት የለውም። ልጄ ጣሪያውን መቅደድ ዝናብ ያስገባል ይላል።

ሐኪሙ፦ የጭስ መውጫው በቆርቆሮ ክዳን ይሠራለታል። እኔ ራሴ ማታ አነጋግረዋለሁ፤ ከምድጃው ትይዩ መስኮት፣ ከላይ መውጫ፣ የደረቀ እንጨት። ምራትዎ ሳትወልድ ያድርሰው።

እቴቴ፦ ከወለደች በኋላስ፣ በርበሬ የምናምስ ቀን ሕፃኑን ማን ይዞ ይውላል? እኔም እሷም እሳቱ ላይ ነን።

ሐኪሙ፦ አባቱ ደጅ ይዞት ይዋል።

እቴቴ፦ ልጄ ሕፃን መያዝ አይችልም ብዬ እንዳልመልስልህ፣ እናቴ በርበሬ ስታምስ አባቴ እኔን አቅፎ በረት አጠገብ ይቆም ነበር ይሉኛል። እነግረዋለሁ።